ከምርመራ ወረቀት እስከ መድህን ካርድ፦ ከካራማራ ግርጌ ባሕር የሚሻገር ሠራተኛ የሕክምና ዋስትና ታሪክ

ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ጤናን የሚመለከቱ ሁለት ወረቀቶች ሊይዝ ይገባዋል። አንደኛው ከበሽታ ነፃ መሆኑን የሚመሰክር የምርመራ ውጤት ነው። ሁለተኛው ቢታመም ማን እንደሚያሳክመው የሚገልጽ የጤና መድህን ማስረጃ ነው። ሁለቱም በአንድ ዶሴ ስለሚታሰሩ ብዙ ተጓዦች፣ አንዳንድ ጊዜም የጤና ባለሙያዎች፣ እንደ አንድ ጉዳይ ይቆጥሯቸዋል። አመጣጣቸው ግን ለየቅል ነው። የምርመራው ወረቀት የተፈጠረው ተቀባዩን አገር ከተጓዡ ለመጠበቅ ነው፤ መድህኑ የተፈጠረው ተጓዡን ከበሽታና በሽታ ከሚያመጣው ድህነት ለመጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ሥርዓት ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሁለተኛው፣ በተለይ ለቤት ሠራተኛ፣ ገና በቅርቡ የመጣና ዛሬም ያልተሟላ ነው።

ይህን ልዩነት በታሪክ ለመከተል ጅግጅጋና በሰሜናዊ ሶማሌ ክልል የሚገኙ ከተሞች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከሐረር የሚመጣው መንገድ የካራማራን ተራራ ተሻግሮ ጅግጅጋ ይገባል፤ ከዚያም በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳና ወደ በርበራ ወደብ ይዘልቃል። ከበርበራ ማዶ ያለው የዓረብ ምድር ነው። በዚህ መስመር ከብት፣ ጨርቅና ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሥራ ጉልበትም ለብዙ ትውልድ ሲመላለስ ኖሯል። ጉልበቱን ይዞ የሄደው ሰው ሲታመም ግን ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ ነበረው።

የዘመድ ዋስትና

የመጀመሪያው መልስ ዘመድ ነው። ብሪታኒያዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ አይ. ኤም. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በሰሜናዊው የሶማሌ ምድር የአርብቶ አደሩ ሕይወት መሠረት ዲያ ማለትም የደም ካሳ በጋራ የሚከፍለውና የሚቀበለው የዘመድ ስብስብ ነበር። አንድ አባል ጉዳት ቢያደርስ ወይም ቢደርስበት ኃላፊነቱን ስብስቡ ይጋራዋል። የስብስቡ አባላት እርስ በርስ የሚተሳሰሩት ሔር በሚባለው ልማዳዊ ውል ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ቃራን የሚባል የመዋጮ ልማድ አለ። ቃራን ለታመመ፣ ለተዘረፈ ወይም መንገድ ላይ ለቀረ ዘመድ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ነው። ገንዘቡ ዛሬ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚላክ ቢሆንም የልማዱ ጠባይ አልተለወጠም።

ይህ ዋስትና ቀላል አይደለም። መንግሥትም መድን ድርጅትም ባልነበረበት ዘመን ሰውን ከሞት አትርፏል፤ ዛሬም ያተርፋል። በመሀል አገር እድርና እቁብ የሚታወቁትን ያህል ቃራንም በካራማራ ዙሪያ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከመድህን ጋር ሲነጻጸር አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለው። በመድህን ገንዘቡ የሚዋጣው ሰው ጤነኛ ሳለ ነው፤ በቃራን የሚዋጣው ሰው ከታመመ በኋላ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ እስኪሰበሰብ ሕክምናው ይዘገያል። የመዋጮው መጠንም በበሽታው ክብደት ሳይሆን በዘመዱ ብዛትና ኑሮ ይወሰናል። ድርቅ ከብቱን በጨረሰበት ዓመት፣ ባሕር ማዶ ላለ አንድ ሰው ለሚደረግ የኩላሊት እጥበት ወይም የአጥንት ቀዶ ሕክምና መዋጮ ሲጠየቅ፣ የታመመው አንድ ሰው ቢሆንም የሚደኸየው ግን ቤተ ዘመዱ በሙሉ ነው።

በዚያ ዘመን “ውጭ አገር” የሚለው ቃል ራሱ እንደ ዛሬው የጠራ ትርጉም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1897 በኢትዮጵያና በብሪታኒያ መካከል የተፈረመው ስምምነት ድንበር ሲያበጅ፣ በሁለቱም ወገን ያሉ አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለውኃ መሻገር እንዲችሉ ፈቅዶ ነበር። ጅግጅጋ ራሷ ከጣሊያን መባረር በኋላ በብሪታኒያ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆይታ በ1940 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች፤ የሐውድ ግጦሽ ደግሞ በ1947 ዓ.ም. ተመለሰ። ዘመድ በድንበሩ በሁለቱም በኩል ስለነበረ ዋስትናው ድንበር አያግደውም ነበር። የሚያዳግተው ባሕር ሲሻገር ነው።

መርከብና የመጀመሪያው የጽሑፍ ግዴታ

የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ በኋላ ኤደን በእንፋሎት ለሚሄዱ መርከቦች ትልቅ የድንጋይ ከሰል መሙያ ወደብ ሆነች። ከሶማሌ ጠረፍ የተሻገሩ ወጣቶች በመርከቦቹ ማሞቂያ ክፍል ከሰል እየማገዱ ተቀጠሩ፤ ከፊሎቹም በዌልስ በምትገኘው ካርዲፍ ወደብ ሰፈሩ። ከአፍሪካ ቀንድ ባሕር ተሻግሮ ሲሠራ በሽታው በጽሑፍ ሕግ የተዳኘለት የመጀመሪያው ትልቅ የሠራተኛ ክፍል ምናልባት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣው የብሪታኒያ የንግድ መርከብ ሕግ፣ በመርከቡ አገልግሎት ላይ ሳለ ለተጎዳ ባሕረኛ የሕክምናውን ወጪ የመርከቡ ባለቤት ከደመወዙ ሳይቀንስ እንዲከፍል ያስገድድ ነበር። ግዴታው በቀጣሪው ላይ መውደቁ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ግዴታው ከመርከቡ አገልግሎት ጋር የታሰረ ነበር፤ ባሕረኛው ከሥራ ወጥቶ ወደብ ላይ በተቀመጠበት ወራት ሳንባው ቢታመም ኃላፊ አልነበረም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው እ.ኤ.አ. የ1911 የብሪታኒያ ብሔራዊ መድን ሕግ ነው። ሕጉ ሠራተኛው፣ ቀጣሪውና መንግሥት በጋራ እያዋጡ የታመመ ሠራተኛ እንዲታከም አደረገ። መኖሪያቸው በብሪታኒያ ያልሆነ ባሕረኞች ግን ከሕጉ ተጠቃሚነት ውጭ ሆኑ። ይሁንና ቀጣሪው ርካሽ የውጭ ጉልበት እንዳይመርጥ በማለት ለእነርሱም መዋጮ እንዲከፍል ተደረገ፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለብሪታኒያ ባሕረኞች ጡረታ ወደተቋቋመ ፈንድ ገባ። በእስያዊውና በአፍሪካዊው ባሕረኛ ስም መዋጮ ተከፈለ፤ ጥቅሙን ያገኘው ሌላ ሆነ። “አረቦን ተከፍሏል” ማለት “መድን ተገብቷል” ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው 19ኛው ስምምነት በሥራ ላይ አደጋ ካሳ የውጭና የአገር ተወላጅ ሠራተኞች በእኩል እንዲታዩ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ በታመሙና በተጎዱ ባሕረኞች ጉዳይ የመርከብ ባለቤቶችን ኃላፊነትና የባሕረኞችን የሕመም መድን የሚመለከቱ ሁለት ስምምነቶችን አከታትሎ አወጣ። ባሕረኛው በዓለም አቀፍ ሕግ ቀድሞ የታየው መርከቡ ራሱ ድንበር የለሽ የሥራ ቦታ ስለሆነ ነው። በሰው ቤት ውስጥ ተዘግታ የምትሠራ ሴት ተመሳሳይ ዕውቅና ለማግኘት እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ማለትም የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው 189ኛው ስምምነት እስኪወጣ መጠበቅ ነበረባት።

ምርመራው ማንን ይጠብቃል?

በዚሁ ባሕር ላይ ሌላው ወረቀትም በራሱ መንገድ ሲያድግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 በሐጅ ወቅት መካ ላይ የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ ከተጓዦች ጋር እስከ አውሮፓ ከተዛመተ በኋላ፣ መንግሥታት በ1866 ቁስጥንጥንያ ላይ ተሰብስበው ስለ ባሕር ተጓዦች ጤና ቁጥጥር መከሩ። በ1882 በቀይ ባሕር ላይ ባለችው የካማራን ደሴት ከደቡብ ለሚመጡ ሐጃጆች የለይቶ ማቆያ ጣቢያ ተከፈተ። የጣቢያው ዓላማ ግልጽ ነበር፤ በሽታው እንዳያልፍ ማገድ። የታመመው ሰው ወጪ፣ ሥራና ቤተሰብ የዚያ ሥርዓት ጥያቄ አልነበረም።

የባሕረ ሰላጤው የትብብር ምክር ቤት አገሮች ለሥራ ከሚመጡ የውጭ ዜጎች የሚጠይቁት ምርመራ የዚሁ አስተሳሰብ ወራሽ ነው። አመልካቹ በአገሩ በተፈቀደለት የምርመራ ማዕከል ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለኤች.አይ.ቪ.፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለሌሎችም ይመረመራል፤ ሴት ከሆነች የእርግዝና ምርመራም ይጨመራል። ውጤቱ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፦ ብቁ ወይም ብቁ ያልሆነ። ከደረሱ በኋላም ምርመራው ይደገማል፤ ያኔ በሽታ የተገኘበት ሰው ሊመለስ ይችላል።

ተቀባይ አገር ኅብረተሰቡን ከተላላፊ በሽታ መጠበቁ ተገቢ ነው። ጉዳዩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። “ብቁ” የሚለው ማኅተም ተጓዡን የሚመርጥ እንጂ የሚያሳክም አይደለም። ጤነኛ የተባለው ሰው በሦስተኛው ወር ትርፍ አንጀቱ ቢቃጠል፣ ከፎቅ ቢወድቅ ወይም አእምሮው ቢታወክ ማኅተሙ አንድ ሳንቲም አይከፍልለትም።

ነዳጅ፣ ሆስፒታልና መድህን

እ.ኤ.አ. ከ1973 በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲንር የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድም ብዙ ሠራተኛ ሳቡ። በዚያ ዘመን የተሠሩት የመንግሥት ሆስፒታሎች ለውጭ ዜጎችም ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ አገልግሎት ይሰጡ ነበር። በ1980ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ወርዶ የሕክምና ወጪና የሠራተኛው ቁጥር ሲጨምር መንግሥታቱ ሸክሙን ወደ ቀጣሪው የማዛወር ሐሳብ ያዙ። የግዴታ የጤና መድህን በአካባቢው የተወለደው በዚህ ምክንያት ነው። ከርኅራኄ ይልቅ የበጀት ስሌት ወለደው ማለት ይቻላል።

ኩዌት እ.ኤ.አ. በ1999 የውጭ ዜጎችን የጤና መድህን ሕግ አወጣች። ሳዑዲ ዓረቢያም በዚያው ዓመት የትብብር ጤና መድህን ሕግን አውጃ፣ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከትልልቅ ኩባንያዎች በመነሣት ደረጃ በደረጃ ተግባራዊ አደረገች። አቡዳቢ በ2005፣ ዱባይ በ2013 የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። መድህኑ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር እንዲተሳሰር መደረጉ ሕጎቹን ጥርስ ሰጣቸው፤ ቀጣሪው አረቦኑን ካልከፈለ ፈቃዱን ማውጣት ወይም ማደስ ያዳግተዋል።

ይሁን እንጂ የኩባንያ ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ በአንድ ሚዛን አልተመዘኑም። ከኢትዮጵያ በሕጋዊ መንገድ የሄዱት አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሥራቸውም በሰው ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ ቀጣሪው የጤና እንክብካቤ እንዲያቀርብና ሠራተኛዋ በዓመት እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ እንዲኖራት አዘዘ። የግዴታ መድህን ግን የመጣው ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ያውም ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች ላሉት ቀጣሪ ብቻ። አንዲት ሠራተኛ ብቻ በቀጠረ ቤት ውስጥ ያለችው፣ ብቸኝነቷም የከበደው፣ ከዚህ ግዴታ ውጭ ቀርታለች። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መድህኑ ከአቡዳቢና ከዱባይ ውጭ ባሉት ኤምሬቶች የግል ድርጅትና የቤት ሠራተኞችን እንዲያጠቃልል የተደረገው ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ የመነሻው ጥቅል አረቦን በዓመት 320 ድርሃም ሆኖ ተተምኗል። ከካማራን ጣቢያ እስከዚህ ቀን 143 ዓመት አለፈ።

በአገር ቤት የወጡ ሕጎች

ኢትዮጵያ ዜጎችን ወደ ውጭ የሚልኩ የግል ኤጀንሲዎችን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 104/1990ን አወጣች። አዋጁ ኤጀንሲዎች በሚልኩት ሰው ብዛት ከ30,000 እስከ 50,000 የአሜሪካ ዶላር ዋስትና እንዲያስይዙ ይጠይቅ ነበር። በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 632 ተተካ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ለሥራ የሚደረገውን ጉዞ አገደ፤ ወዲያውም ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከተመላሾቹ ጋር የመጣው ቁስል፣ ሕመምና የአእምሮ ጭንቀት የታከመው በአገር ውስጥ የጤና ተቋማትና በቤተሰብ ገንዘብ ነው። ባሕር ማዶ ያልተከፈለ የሕክምና ሂሳብ የሚጠፋ ሂሳብ አለመሆኑን የዚያ ዓመት ልምድ በሚገባ አሳይቷል።

እገዳው በ2010 ዓ.ም. ከመነሣቱ በፊት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዕድሜ ቢያንስ 18፣ ትምህርት ቢያንስ 8ኛ ክፍል እንዲሆን፣ ጉዞውም ከተቀባይ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ሲኖር ብቻ እንዲፈጸም ደነገገ። ወጪዎችንም ከፋፈለ። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ጉዞ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ሽፋን ወጪ በቀጣሪው ላይ ወደቀ። የጤና ምርመራና የክትባት ክፍያ በሠራተኛው ላይ ቀረ። ስለዚህ ተቀባዩን አገር ለሚጠብቀው ወረቀት ከፋዩ ድሃው ተጓዥ ሆነ። ተጓዡን ለሚጠብቀው ወረቀት ከፋዩ ቀጣሪው መሆኑ ግን የአዋጁ መልካም ጎን ነው። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል።

እዚህ ላይ በተግባር ብዙ ስሕተት የሚፈጥር አንድ የቃል ጉዳይ አለ። በሥራ ውሎች ላይ የሚጠቀሰው የሕይወትና የአካል ጉዳት መድን የጤና መድህን አይደለም። የሕይወት መድን የሚከፈለው ሠራተኛው ሲሞት ለወራሾቹ ነው፤ የአካል ጉዳት መድን የሚከፈለው ጉዳቱ ከደረሰና መጠኑ ከተወሰነ በኋላ ነው። ለሳንባ ምች፣ ለወሊድ፣ ለስኳር ሕመም ወይም ለድብርት ሐኪም ፊት የሚያቀርበው የጤና መድህን ብቻ ነው። “መድን አለሽ” የተባለች ሴት ታምማ ሆስፒታል ስትደርስ የያዘችው ወረቀት ለሞቷ እንጂ ለሕመሟ እንዳልተጻፈ ልታውቅ ትችላለች።

ሌሎች ላኪ አገሮች ይህን ክፍተት ቀድመው ለመድፈን ሞክረዋል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ዝቅተኛ ትምህርት ላላቸው ተጓዥ ሠራተኞች የግዴታ መድን አቋቋመች። ፊሊፒንስ በ2010 ባወጣችው ሕግ በኤጀንሲ የሚቀጠር ሠራተኛ ሁሉ አረቦኑን ራሱ ሳይከፍል መድን እንዲገባለት አስገደደች፤ ሽፋኑ በአደጋ ለሚደርስ ሞት ቢያንስ 15,000 ዶላር፣ ለዘላቂ የአካል ጉዳት 7,500 ዶላር ከመክፈሉ በላይ የታመመን ሠራተኛ ወደ አገሩ ማጓጓዝንም ይጨምራል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690ን ያወጣች ሲሆን፣ ትግበራው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ የሶማሌ ክልል በዚያ የመጀመሪያ ሙከራ ውስጥ አልነበረም። የሁለቱም ሥርዓቶች አሠራር በአገር ውስጥ የሚኖርን ቤተሰብና ሠራተኛ ታሳቢ ያደረገ ነው።

ከሕግ ውጭ የሚሻገሩት

እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ ውል ይዞ ለሚሄድ ነው። በካራማራ ዙሪያ ግን ብዙ ወጣት የሚሄደው ታህሪብ በሚባለው መንገድ፣ በሐርጌሳ በኩል እስከ ቦሳሶ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ነው። ለዚህ ተጓዥ የምርመራ ወረቀትም መድህንም የለውም። በረሃ ላይ ሲደርቅ ወይም በደላላ እጅ ሲደበደብ ስልክ የሚደወለው ጅግጅጋ ለሚገኙት ወላጆች ነው፤ መልሱም ያው ጥንታዊው ቃራን ነው። ለሕክምና የኖረው የመዋጮ ልማድ በዚህ መስመር ላይ ቤዛ መክፈያም ሆኗል።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኛ ሠራተኞች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1990 ጸድቆ በ2003 በሥራ ላይ ሲውል፣ 28ኛው አንቀጹ ሕጋዊ ሰነድ ያለውም የሌለውም ሠራተኛ ሕይወቱን ለማትረፍ አስቸኳይ ሕክምና ከአገሬው እኩል እንዲያገኝ ይደነግጋል። ዋነኞቹ የባሕረ ሰላጤ ተቀባይ አገሮች ግን አላጸደቁትም።

ለጤና ባለሙያው የቀረ ሥራ

ጉዳዩ የሐኪሙንና የነርሷንም የራሳቸውን ጉዞ ይነካል። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከውጭ በሚመጡ ነዋሪዎች ላይ የጤና አገልግሎት ክፍያ ጥላ፣ በ2020 ለጤናና ለእንክብካቤ ሠራተኞች በተዘጋጀው ቪዛ የሚሄዱትን ከክፍያው ነፃ አድርጋለች። የተማረው ተጓዥ እንዲህ ያለውን መረጃ አንብቦ ያገኘዋል። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ የምትሄደው ሴት ግን ከመሄዷ በፊት ስለ ጤናዋ የሚያናግራት የተማረ ሰው ምናልባት የምርመራ ክፍሉ ባለሙያ ብቻ ነው። ደም ለመቅዳት የሚፈጀው ጊዜ አምስት ጥያቄ ለመጠየቅ ይበቃል።

አንደኛ፦ በውሉ ላይ የተጻፈው የሕይወትና የአካል ጉዳት መድን ብቻ ነው ወይስ የጤና መድህንም አለው? ሁለተኛ፦ መድህኑ የሚጀምረው ከደረሱበት ቀን ነው ወይስ የመኖሪያ ፈቃድ ከወጣ በኋላ፤ በመካከል ላሉት ሳምንታት ማን ይከፍላል? ሦስተኛ፦ አስቀድሞ ያለ ሕመም፣ ወሊድና የአእምሮ ሕክምና በሽፋኑ ውስጥ ናቸው? አራተኛ፦ ታካሚው ከራሱ የሚከፍለው ድርሻ ስንት ነው? አምስተኛ፦ ካርዱ ወይም ቁጥሩ በሠራተኛዋ እጅ ይሆናል ወይስ በቀጣሪዋ? የደም ግፊት፣ የአስም ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ተጓዥ ደግሞ የሕመሙንና የመድኃኒቱን ስም በግልጽ የያዘ ማጠቃለያ፣ ከክትባት ካርዱ ቅጂ ጋር፣ ሊሰጠው ይገባል። ጥያቄዎቹ በሚናገረው ቋንቋ፣ በጅግጅጋም በሶማሊኛ፣ ሊቀርቡለት ይገባል።

ከመርከብ ማሞቂያ ክፍል እስከ ሪያድ ማድ ቤት ያለው ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳያል። ምርመራው ያለ ጠያቂ መጥቷል፤ ድንበር ለሚጠብቅ ሁሉ ስለሚጠቅም። መድህኑ ግን የመጣው አንድ ሰው “ቢታመምስ?” ብሎ በጠየቀበት ቦታ ብቻ ነው። ባሕረኛው ያን ጥያቄ በሕግ እንዲመለስ ለማድረግ አሥርት ዓመታት ፈጅቶበታል፤ የቤት ሠራተኛዋም ገና መልሱን በከፊል ብቻ አግኝታለች። ሙሉ መልሱ እስኪመጣ ድረስ የጉዞውን ሕክምና በሩቅ ሆኖ የሚከፍለው የጅግጅጋው ቤተ ዘመድ ነው፤ ጥያቄውን በጊዜ ሊያነሣ የሚችለው ደግሞ “ብቁ” በሚለው ቃል ላይ የሚፈርመው ባለሙያ ነው።